ካናቢስ ለመድኃኒትነት ይፈቀድ? ለሰሜን ሸዋ አንባቢዎች ጥያቄና አስተያየት የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ፣ በአንዳንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ካናቢስ ወይም ማሪዋና ለሕክምና ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ጉዳይ በሕዝብ ድምፅ እንደሚወሰን በጥቂት መስመሮች ጠቅሼ፣ አንባቢዎች ያላቸውን ጥያቄና አስተያየት እንዲልኩልኝ ጠይቄ ነበር። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ከሰሜን ሸዋ ስለሆኑ የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ አውዬዋለሁ። እኔ የመድኃኒት ባለሙያ እንጂ የሕግ ባለሙያ ስላልሆንኩ፣ ሕግን በሚመለከት በጽሑፍ ከተደነገገው አልፌ አልናገርም። በውጭ አገር ስለተፈጸሙ ነገሮች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «እኅቴ ፍሎሪዳ ትኖራለች። እዚያ አገር ስለ ማሪዋና መራጩ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ እንደወሰነ በስልክ ነገረችኝ። ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት አይደለም ወይ? ስለ መድኃኒት ያልተማረ ሰውስ በምን ዕውቀቱ ይጠየቃል? በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመራጭ ሊቀርብ ይችላል?» (አንድ ወጣት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ግማሽ ያህሉ፣ ዜጎች በሕግ የተወሰነውን ያህል ፊርማ ካሰባሰቡ የሕግ ሐሳባቸውን በቀጥታ ለመራጩ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳሉ። የምክር ቤት አባላት ሊነኩት የማይደፍሩት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው። ካሊፎርኒያ በ1996 «ሐሳብ ቁጥር 215» በተባለው ላይ ሕዝቧን አስመርጣ ከመቶ 56 ያህሉ ስለደገፈው፣ ካናቢስን ለሕክምና በመፍቀድ የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ሆነች። እኅትዎ በሚኖሩባት በፍሎሪዳ ደግሞ ጉዳዩ የቀረበው እንደ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያ ለመጽደቅ ከመቶ 60 ድጋፍ ስለሚያስፈልገው፣ በ2014 ከመቶ 58 የሚጠጋ መራጭ ደግፎት እንኳ ወድቆ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመቶ 71 አግኝቶ አልፏል።

«በምን ዕውቀቱ ይጠየቃል?» ያሉት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ነው። መራጩ የተጠየቀው ይህ ዕፅ ያድናል ወይስ አያድንም ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሥጋትዎ ሙሉ በሙሉ ትክክል ይሆን ነበር፤ የመድኃኒት ፈዋሽነት በእጅ ብልጫ አይታወቅምና። የካሊፎርኒያው ሐሳብ ዋና ፍሬ ነገር ግን፣ ሐኪም መክሮት ካናቢስ የሚወስድ ሕመምተኛና አስታማሚው እንደ ወንጀለኛ ይቀጡ ወይስ አይቀጡ የሚል ነበር። ይህ የፍርድ ጥያቄ ነው፤ በቤቱ ታማሚ አስታሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያለ ሐኪም ዕውቀት ሊመልሰው ይችላል። ችግሩ ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሲደባለቁና፣ መራጩ ለታማሚው በማዘን የሰጠው ድምፅ ለዕፁ ፈዋሽነት የተሰጠ ምስክር ተደርጎ ሲቆጠር ነው። ዩታ በተባለችው ክፍለ ግዛት ደግሞ በኅዳር ወር 2018 መራጩ ያጸደቀውን የሕክምና ካናቢስ ሕግ ምክር ቤቱ በቀጣዩ ወር አንሥቶ ጠበቅ ባለ ሌላ ሕግ ተክቶታል።

በእኛ አገር ሕዝበ ውሳኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሲዳማ ሕዝብ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ክልል ለመሆን ድምፅ ሰጥቷል። ነገር ግን ይህ ሥርዓት በሕገ መንግሥቱ የታሰበው ክልል ለመመሥረትና ለመሳሰለው እንጂ፣ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ስለ አንድ መድኃኒት ሕግ ለማውጣት አይደለም። የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለሆነ፣ የዞን ወይም የክልል ምክር ቤት «ይፈቀድ» ቢል የፌዴራሉን ሕግ አይሽረውም። በአንቀጽ 30 የተረጋገጠው አቤቱታ የማቅረብ መብት ግን ክፍት ነው። ለምርጫ የሚወዳደርን ሰውም ስለ መድኃኒት አቅርቦት ምን እንደሚያስብ ፊት ለፊት መጠየቅ ማንም የማይከለክለው የመራጭ ድርሻ ነው።

ለእኅትዎ አንድ መልእክት ያድርሱልኝ። ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም የአሜሪካ ፌዴራላዊ መንግሥት በ1970 ባወጣው ሕግ ማሪዋናን እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ተርታ መድቦታል። የአገሪቱ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎትም በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ግዛቱ በፈቀደው መንገድ እንኳ ማሪዋና መጠቀም ወይም በዚያ ሥራ ላይ መሰማራት ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል አስታውቋል። ገና ዜግነት ያላገኘ ሰው ጠበቃ ሳያማክር አይሞክረው።

ጥያቄ፦ «በዜና ማሪዋናን ዕፀ ፋሪስ ሲሉት እሰማለሁ። በእኛ አጥር ሥር ዕፀ ፋሪስ የምንለው በየዓመቱ ይበቅላል። መድኃኒት ነው የተባለው ይሄ ነው?» (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ አይደለም፤ እባክዎን እንዳይነኩት። በገጠራችን ዕፀ ፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለው፣ ነጭ ጥሩምባ መሰል አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ከካናቢስ ጋር ዝምድና የሌለው መርዘኛ ተክል ነው። የአንዳንድ ዜና አንባቢዎች ልማድ ስሙን ለማሪዋና ስለሰጠው ግን ሁለት የተለያዩ ዕፆች በአንድ ስም ይጠራሉ። አስተናግር በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ቅመሞች ስላሉት፣ የቀመሰው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ይቃዣል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ጥርስ ሲታመም የፍሬውን ጭስ የሚታጠኑ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ እርሱንም አልመክርም። የቃላት ጥንቃቄ የጋዜጠኞች የቤት ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ «ዕፀ ፋሪስ ለመድኃኒት ተፈቀደ» የሚል አንድ ዜና የሰማ ልጅ አጥር ሥር ያለውን ቢቀጥፍ በማን ይፈረዳል?

ጥያቄ፦ «በመንዝ ገብሳችንን ውርጭ ይመታዋል፣ መሬቱም አርጅቷል። እንደ እኛ ደጋማ የሆነችው ሌሶቶ ካናቢስ ለመድኃኒት አምርታ ወደ ውጭ እንደምትሸጥ አነበብኩ። ለእኛስ ገበሬ አይሆንም?» (መምህር፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሌሶቶን በምሳሌነት ማንሣትዎ ተገቢ ነው፤ መላ ግዛቷ ከባሕር ጠለል በላይ ከአንድ ሺህ ሜትር ከፍ ያለ፣ ሕዝቧም ከብርዱ የተነሣ ብርድ ልብስ ደርቦ የሚውል አገር ናት። በ2017 ካናቢስን ለሕክምና ለማምረት ፈቃድ በመስጠት ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆናለች። ሩዋንዳም ተከትላ ለውጭ ገበያ ብቻ እንዲመረት ስትወስን፣ በአገር ውስጥ መጠቀምን ግን እንደ ቀድሞው ከልክላለች።

ይሁን እንጂ ለመድኃኒት የሚሆነው ካናቢስ ገበሬው ዘርቶ የሚያጭደው ዓይነት ሰብል አይደለም። ገዢው ኩባንያ በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ ያለው የቅመም መጠን አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ ከሻጋታና ከፀረ ተባይ ቅሪት የጸዳ መሆኑ በላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ፣ ማሳው በአጥርና በዘበኛ እንዲጠበቅ ይፈልጋል። በዚህ ላይ የላኪው አገር ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም አገር የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሌሶቶም ከፈቃዱ በአብዛኛው የተጠቀሙት የውጭ ገንዘብ ይዘው የመጡ ኩባንያዎች እንጂ፣ ተክሉን በተራራው ላይ ለብዙ ዘመን ሲያበቅሉ የኖሩት አነስተኛ ገበሬዎች አይደሉም። በእኛ አገር ደግሞ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ልዩ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ የሚያበቅለውንና የሚያዘዋውረውን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ዘሩን ልስጥህ፣ ገበያው አለ» ቢል አይስሙት፤ ለጎረቤትዎም ይንገሩ።

ጓሳ የተባለው የጋራ የሣር መሬት መቼ እንደሚዘጋና ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የአጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት እየተማከረ ሲወስን ለኖረው ለመንዝ ሕዝብ፣ ስለ አንድ ተክል በጋራ መወሰን አዲስ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። የካናቢስ ጉዳይ የሚለየው፣ ጥቅሙም ጉዳቱም አገሬው ዓይቶ በሚያውቀው ሚዛን ስለማይለካ ነው።

አስተያየት፦ «እኔ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ አረቄ ለብርድ መድኃኒት ነው ይሉን ነበር፤ ዛሬ ስንት ቤት እንዳፈረሰ አንኮበርም ደብረ ብርሃንም ይመሰክራሉ። ጫትም ለሥራ ያነቃቃል ተብሎ ነው የገባው። ማሪዋናም በመድኃኒት ስም ገብቶ በሱስ ስም ይኖራል። ድምፅ ስጥ ብባል አይሆንም ብዬ ነው የምሰጠው፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» (አንድ አዛውንት፣ ከአንኮበር)

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሥጋትዎ በዓይን የታየ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ካናቢስን ከሞከሩ ሰዎች ከአሥር አንድ ያህሉ በሱስ ይያዛሉ፤ በአፍላ ዕድሜያቸው በጀመሩት ዘንድ ቁጥሩ ከስድስት አንድ ወደመሆን ይደርሳል። አዘውትረው በሚያጨሱ፣ በተለይም በልጅነት በጀመሩ ሰዎች ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም የመከሰቱ ዕድል እንደሚጨምርም ጥናቶች አሳይተዋል። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወጣት ይህን ዕፅ ጨርሶ ሊቀርበው አይገባም።

አረቄን በምሳሌነት ሲያነሡ ግን አንድ ልዩነት እንድናይ ይፍቀዱልኝ። አረቄ «ለብርድ» ሲባል፣ ስንት መለኪያ፣ ለማን፣ ለስንት ቀን ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም። ከካናቢስ ቅመም ተዘጋጅተው በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡት መድኃኒቶች ግን መጠናቸው የተለካ ነው። ድሮናቢኖልና ናቢሎን የሚባሉት እንክብሎች ኬሞቴራፒ በሚባለው የካንሰር ሕክምና ምክንያት ለሚመጣ ማቅለሽለሽ በአሜሪካ የተፈቀዱት በ1985 ነው፤ ከመጀመሪያው የካሊፎርኒያ ሕዝበ ውሳኔ አሥራ አንድ ዓመት ቀድመው፣ ያለ አንድ መራጭ ድምፅ ማለት ነው። ናቢክሲሞልስ የሚባል አፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒትም መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የነርቭ ሕመም ምክንያት ጡንቻቸው ለሚገታተር ሰዎች በብሪታንያ በ2010 ተፈቅዷል። ከእነዚህ አንዱም አይጨስም።

የዓለም መንግሥታትም በዚህ ላይ አንድ ልብ አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 ካናቢስን የሕክምና ጥቅማቸው እጅግ አጠራጣሪ ነው ከሚባሉት ዕፆች ዝርዝር ለማውጣት ድምፅ ሲሰጥ፣ 27 አገሮች ደግፈው 25 ተቃውመው አንድ ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል። ይህን ያህል ተቀራራቢ ነበር። ከዚያም በኋላ ካናቢስ አደንዛዥ ዕፆችን በሚመለከተው በ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ከሕክምናና ከሳይንስ ውጪ የተከለከለ ሆኖ ቀጥሏል።

«እርስዎስ?» ስላሉኝ ሳልሸሽ ልመልስ። ቅጠሉን ሰው በየቤቱ እንዲያበቅልና መድኃኒት ነው ብሎ እንዲያጨስ የሚፈቅድ ወረቀት ቢቀርብልኝ እንደ እርስዎ አይሆንም እላለሁ። ተመርምሮ፣ ተመዝግቦ፣ መጠኑ ተለክቶ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት አገራችን ይግባ ወይ ብባል ግን ይግባ እላለሁ። ለዚህኛው ደግሞ አዲስ የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ናርኮቲክ መድኃኒቶች ለሕክምናና ለሳይንስ አገልግሎት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር እንዲውሉ መንገዱን አበጅቷል።

አስተያየት፦ «ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች አስታምማለሁ። በየሌሊቱ ሲጮኹ የምሰማ ነኝ። ለሥቃያቸው የሚሆን ነገር ካለ፣ ስሙ ማሪዋናም ይሁን ሌላ፣ ይፈቀድ እላለሁ። የሚከራከሩት ሰዎች አንድ ሌሊት አብረውኝ ቢያድሩ እወዳለሁ።» (ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እኅቴ፣ ሌሊቱን የሚያውቀው ሰው ቃል ከእኔ መልስ ስለሚበልጥ ደብዳቤሽን ሳልቆርጥ አውጥቼዋለሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ባወጡት ሰፊ ግምገማ፣ የካናቢስ ቅመሞች በኬሞቴራፒ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ፣ በአዋቂዎች ላይ ለሚቆይ ሕመምና በመልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚመጣ መገታተር ጥቅም እንዳላቸው በቂ ማስረጃ አግኝተዋል። ነገር ግን ለማቅለሽለሹ ዛሬ በቀዳሚነት የሚታዘዙት ኦንዳንሴትሮንና መሰሎቹ ናቸው፤ ለብርቱ የካንሰር ሥቃይም ካናቢስ የሞርፊንን ቦታ አይተካም።

ሞርፊን ደግሞ በአገራችን ሕግ የተፈቀደ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች የመደበው፣ በአፍ በሚወሰድ ፈሳሽ መልክ በርካሽ ሊዘጋጅ የሚችል ነው። እንዲህም ሆኖ በዓለም ላይ ለሥቃይ ማስታገሻ ከሚውለው ሞርፊን አብዛኛውን የሚወስዱት ጥቂት ሀብታም አገሮች ናቸው። አንቺ የምትሰሚው ጩኸት ከክልከላው ይልቅ በአቅርቦት ማጣት፣ ባለሙያው ሱስ ያስይዛል ብሎ ለማዘዝ በመፍራቱ፣ ቤተሰቡም «ሞርፊን ከታዘዘ አለቀለት ማለት ነው» ብሎ በመሥጋቱ የሚመጣ ነው። ምክር ቤት ያልተወያየበትን ዕፅ ስንጠብቅ ምክር ቤት የፈቀደውን መድኃኒት ሳናገኝ መቅረታችን ያንገበግበኛል፤ ለተወካይሽ አቤቱታ የምትጽፊ ከሆነ በዚህ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ «የዘጠኝ ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል አስጠምቄዋለሁ፤ ከጤና ጣቢያም ፌኖባርቢታል ይወስዳል። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን እዚያ ለዚህ በሽታ የተፈቀደ የማሪዋና ዘይት ስላለ በሻንጣ ሰው ይዞልሽ ይምጣ ይለኛል። ልቀበለው? ኪኒኑንስ ላቁመው?» (እናት፣ ከአረርቲ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ኪኒኑን እንዳያቆሙ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ያለ ዕረፍት የሚደጋገም፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል። ጠበሉ ዘንድ ሱባዔ ቢገቡም ኪኒኑን ይዘው ይግቡ፤ እምነትዎና መድኃኒቱ አይጣሉም።

ዘመድዎ የነገሩዎት ነገር ከእውነት የተነሣ ነው። በሰኔ 2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከካናቢስ የተጣራ ካናቢዲዮል የተባለ ቅመም ያለውን ኤፒዲዮሌክስ የሚባል ፈሳሽ መድኃኒት ፈቅዷል። ይህ ቅመም አያሰክርም። የተፈቀደው ግን መጀመሪያ ድራቬና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ ሁለት ብርቱ የልጅነት ሕመሞች፣ በ2020 ደግሞ ለሌላ አንድ ሕመም እንጂ ለሚጥል በሽታ ሁሉ አይደለም። ድራቬ ባለባቸው 120 ልጆችና ወጣቶች ላይ በተደረገው ሙከራ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ መካከለኛው የመንቀጥቀጥ ቁጥር በወር ከ12 ወደ 6 ገደማ ሲወርድ፣ መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ በወሰዱት ዘንድ ከ15 ወደ 14 ብቻ ወርዷል። ለእነዚያ ወላጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ያም ሆኖ ልጆቹ ኤፒዲዮሌክስን የወሰዱት በነበሩበት መድኃኒት ላይ ተጨምሮ እንጂ ተተክቶ አልነበረም። ቫልፕሮዬት ከሚባለው መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ጉበትን የመጉዳት አዝማሚያ ስላለው ደማቸው በየጊዜው ይመረመር ነበር።

በሻንጣ የሚመጣው ጠርሙስ ግን ይህ መድኃኒት መሆኑን ማን ያረጋግጥልዎታል? በ2017 በአሜሪካ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የካናቢዲዮል ምርቶችን ገዝተው ቢመረምሩ፣ በመለያ ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው መጠን ትክክል ሆኖ የተገኘው ከመቶ 31 ብቻ ነበር፤ በ18ቱ ውስጥም ቲኤችሲ የሚባለው የሚያሰክረው የካናቢስ ቅመም ተገኝቷል። በዚህ ላይ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባቱ ይዞ የሚመጣውን ሰው በወንጀል ሊያስጠይቀው ይችላል። ስለዚህ አይቀበሉት፤ ዘመድዎንም ስለ አሳቢነታቸው አመስግነው በዚያ ገንዘብ ልጁን ለነርቭ ሐኪም የሚያሳዩበትን መንገድ እንዲረዱዎት ይንገሯቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከመቶ እስከ 70 የሚደርሱት በተለመዱት ርካሽ መድኃኒቶች በትክክል ቢታከሙ ከመንቀጥቀጥ ነጻ መሆን ይችላሉ። ልጅዎ አሁንም የሚጥለው ከሆነ መጠኑ ከክብደቱ ጋር አብሮ አላደገ ይሆናል፤ ኪኒኑ አንዳንድ ቀን ይዘለል ይሆናል፤ ወይም ሌላ መድኃኒት ያስፈልገው ይሆናል። ፌኖባርቢታል ራሱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ቁጥጥር የሚደረግበት ነገር ሁሉ ከሕመምተኛ ይራቅ ከተባለ፣ የእርስዎ ልጅ ዛሬ የሚውጠውም ኪኒን በቀረ ነበር።

ሲጥለው በጎኑ ያስተኙት፤ አንገቱን የሚያንቀውን ልብስ ያላሉለት፤ ከእሳትና ከድንጋይ ያርቁት። ማንኪያም ሆነ ጣት በአፉ አይክተቱ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅምም፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደጋገመው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይውሰዱት። የጣለውን ቀንና ሰዓት በደብተር ይጻፉ፤ ሐኪሙ ከማንኛውም ምርመራ በፊት የሚፈልገው እርሱን ነው። መንገድም መድኃኒትም እንደልብ በማይገኝበት በዚህ ጊዜ ኪኒኑ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ገና የሁለት ሳምንት ሲቀርዎት ወደ ጤና ጣቢያው ይሂዱ።